ሳይጐዱ የሚሳሳቱበት ትምህርት ቤት

በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለጋዜጣ አንባብያን የቀረበ



የሰው ልጅ ዕውቀት የሚያገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በጆሮው ሰምቶና በመጽሐፍ አንብቦ የሚያገኘው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በእጁ ሠርቶ፥ ተሳስቶ፥ ታርሞ፥ እንደገና ሠርቶ የሚያገኘው ነው። የአገርን ታሪክ፥ የመንግሥትን ደንብና የሒሳብን ሕግ ከመምህርና ከመጽሐፍ ለመማር ይቻላል። ዋናን፥ መኪና መንዳትን፥ መርፌ መውጋትን፥ የኤሌክትሪክ መሥመር መጠገንን ግን ሺሕ ገጽ ብናነብ እጃችን ካልለመደው ዐወቅነው ለማለት አንችልም። ይህ ሁለተኛው ዕውቀት ሙያ ይባላል። ሙያም ያለ ስሕተት አይገኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ተማሪ ሳይሳሳት አይማርም፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሥራ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለመማር አይተርፍም። በሌላው ሥራ ደግሞ የተሳሳተው ይተርፍና ዋጋውን ሌላ ሰው በሕይወቱ ይከፍላል። አይሮፕላን አብራሪው፥ ቀዶ ጥገና የሚያደርገው ሐኪም፥ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል አጠገብ የሚሠራው ሠራተኛ፥ እሳት የሚያጠፋው ሰው ሁሉ የዚህ ዓይነት ሙያ ባለቤቶች ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሙያ ሰው በምን ዘዴ ይማረው?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የራሳቸው መልስ ነበራቸው። በጥምቀትና በሌላውም በዓል በየሜዳው ሲታይ የኖረው የፈረስ ጉግስ የዓመት በዓል ጨዋታ ብቻ አልነበረም። አሳዳጁ ፈረሱን እያስጋለበ በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው ወደ ኋላው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ፈረሱ እውነተኛ ነው፥ ግልቢያው እውነተኛ ነው፥ ውርወራውና ምከታውም እውነተኛ ነው፤ የጦሩ ስለት ብቻ የለም። ያልመከተ ሰው ጀርባው ያብጥ ይሆናል እንጂ ለወትሮው ሕይወቱ አታልፍም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ተብሏልና፥ ፈረሰኛው ትጥቁን በሰላሙ ቀን በሜዳ ላይ ያጠብቅ ነበር።

ዛሬ ልናስረዳችሁ ያሰብነው የዚሁ የጉግስ አሳብ በዘመናዊ መሣሪያ እንዴት እንደ ተሠራበት ነው። በውጭ አገር ቋንቋ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው፥ በእኛም ቋንቋ ምናባዊ እውነታ የምንለው ዘዴ፥ እንደዚሁም ተመልካቹን በዙሪያው የሚከበው ዙሪያ መለስ ፊልም፥ ለጨዋታ ብቻ የተፈጠሩ የሚመስሉት ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ታሪካቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሙያ ትምህርት ጋራ የተሳሰረ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ቢንግሃምተን በምትባል ከተማ፥ ፒያኖና ኦርጋን የሚሠራ ፋብሪካ የነበረው ሰው ልጅ ኤድዊን ሊንክ ይባል ነበር። ወጣቱ አይሮፕላን ማብረር ለመማር እጅግ ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን የመማሪያው ዋጋ በጣም ውድ ሆነበት። ስለዚህ በአባቱ ፋብሪካ ኦርጋኑን የሚያሰማውን የአየር ወናፍ ወስዶ፥ ትንሽ የአይሮፕላን አካል በላዩ አስቀመጠና፥ መሪው ሲነካ ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብል የመለማመጃ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በ1929 ተፈጸመ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ የገዙት የበረራ ትምህርት ቤቶች ሳይሆኑ፥ በአብዛኛው የመዝናኛ ቦታ ባለቤቶች ነበሩ።

በ1934 ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የአይሮፕላን ፖስታ የማመላለሱን ሥራ ከግል ኩባንያዎች ወስዶ ለጦር ሠራዊቱ አብራሪዎች ሰጠ። አብራሪዎቹ ጐበዞች ነበሩ፤ ነገር ግን በሌሊትና በጭጋግ ውስጥ ዐይናቸውን ትተው በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ መብረርን በሚገባ አልተማሩም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዐሥር የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚህ ጊዜ ሊንክ፥ የሠራዊቱ መኰንኖች ሊያነጋግሩት ወደሚጠብቁት ወደ ኒውዋርክ፥ ማንም አይበርም ተብሎ በታሰበበት በጭጋጋማ ቀን በመሣሪያ እየተመራ በሮ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ስድስት መለማመጃዎችን አንዱን በ3,500 ዶላር ገዛ። በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ500,000 የሚበልጡ የአሜሪካ አብራሪዎች በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ተለማመዱ። አስቀድሞ እንደ መጫወቻ የታየው ነገር ብዙ ነፍስ የሚያድን ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው።

የሊንክ መሣሪያ አካልን ያለማምድ ነበር እንጂ ለዐይን የሚያሳየው እምብዛም አልነበረም። ዐይንን ማስተማር የጀመረው ፍሬድ ዎለር የሚባል የሲኒማ ባለሙያ ነው። ዎለር የተገነዘበው ነገር ይህ ነው፤ ሰው በአንድ ቦታ ውስጥ ያለ መስሎ እንዲሰማው የሚያደርገው ፊት ለፊት የሚያየው ብቻ ሳይሆን፥ በዐይኑ ጠርዝ፥ በግራና በቀኝ፥ ሳያተኵር የሚያየው ጭምር ነው። ተራው የሲኒማ መጋረጃ እንደ መስኮት ከሩቅ የሚታይ ነው፤ መጋረጃው ጐብጦ ተመልካቹን ሲከበው ግን ተመልካቹ በመስኮት ማየቱ ቀርቶ ከደጅ የወጣ ይመስለዋል። በዚህ አሳብ ዎለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አምስት የፊልም ማሳያ መኪናዎችን በአንድነት አገናኝቶ፥ እንደ ጕልላት ውስጥ በጐበጠ መጋረጃ ላይ የሚያጠቁ አይሮፕላኖችን ያሳይ ነበር። ከአይሮፕላን ላይ የሚተኵሰው ተማሪ የተሠራለትን መሣሪያ ይዞ ያነጣጥራል፤ ዒላማውን ሲያገኝ በጆሮው ላይ ድምፅ ይሰማል፤ ውጤቱም ይቈጠራል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ዎለር ይህንኑ ዘዴ ወደ ሲኒማ ቤት አምጥቶ፥ ሲኔራማ የተባለው ትዕይንት በመስከረም ወር 1952 በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየ። እንግዲህ ዙሪያ መለስ የሆነው የሲኒማ ትዕይንት ከጦር ማሠልጠኛ ጋራ የተሳሰረ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዎለርም በኋላ ሞርተን ሃይሊግ የተባለ ሌላ የፊልም ሰው፥ ሥዕልን፥ ድምፅን፥ ነፋስንና ሽታን አንድ ላይ የሚሰጥ ሳጥን ሠርቶ በ1962 የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1968ም አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ፥ በራስ ላይ የሚጠለቅና የለባሹን የራስ እንቅስቃሴ እየተከተለ ሥዕሉን የሚለዋውጥ መሣሪያ አቀረበ። መሣሪያው ከጣሪያ ጋራ ተያይዞ ነበር። ዛሬ ተማሪው ብቻውን አንሥቶ የሚያጠልቀው መነጽር የእነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው።

መሣሪያው የሚሠራበት ዘዴ ረቂቅ ቢሆንም መሠረቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ሁለቱ ዐይኖቻችን ጥቂት ተራርቀው ስለ ተቀመጡ፥ እያንዳንዱ ዐይን ዓለምን በጥቂቱ ከተለየ አቅጣጫ ያያል፤ አእምሮም ሁለቱን ሥዕሎች አስተያይቶ ርቀትንና ጥልቀትን ይለያል። መነጽሩም ለእያንዳንዱ ዐይን እንደዚሁ የተለያየ ሥዕል ያቀርባል። ለባሹ ራሱን ወደ ቀኝ ሲያዞር በመነጽሩ ውስጥ ያሉት ጠቋሚዎች እንቅስቃሴውን ለክተው ሥዕሉን ወዲያውኑ ያዞሩለታል። ይህም በአንድ ሴኮንድ ሰባ፥ ዘጠና ጊዜና ከዚያም በላይ ይደረጋል። ሥዕሉ በጥቂቱ እንኳ ከዘገየ፥ ወይም ዐይን ስንጓዝ እያየ በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ቆመናል ካለ፥ ሰውየው በመርከብ እንደ ተሳፈረ ሰው ራሱ ይዞራል፤ ያቅለሸልሸዋልም።

በዚህ መነጽር የሚታየው ነገር ሁለት ዓይነት ስለ ሆነ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ብዙ ዐይን ባለው ካሜራ የተነሣ ዙሪያ መለስ ፊልም ነው። ተመልካቹ ወደ ላይ፥ ወደ ታች፥ ወደ ኋላም ለማየት ይችላል፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ አንዲት ድንጋይ እንኳ ለማንሣት አይችልም። ስለዚህ ለማስተዋል ትምህርት ይረዳል፤ አደጋው በየት በኩል እንደሚመጣ፥ የተቈጣ ባለጉዳይ ፊቱ ምን እንደሚመስል፥ በተጨናነቀ መንገድ ላይ መጀመሪያ ምን መታየት እንዳለበት ያለማምዳል። ዎልማርት የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የችርቻሮ ንግድ ድርጅት በ2018 17,000 የሚሆኑ መነጽሮችን ወደ መደብሮቹ ለመላክ ማሰቡን ያስታወቀው ሠራተኞቹን በእንዲህ ያለው ትምህርት ለማሠልጠን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን በኮምፒዩተር የተሠራ ዓለም ነው። በዚህኛው ውስጥ ተማሪው ይራመዳል፥ ዕቃ ያነሣል፥ ይፈታል፥ ይገጥማል፤ ሲሳሳትም ስሕተቱ ይመዘገባል። አንደኛው ዐይንን ያስተምራል፤ ሁለተኛው እጅንም ጭምር ያስተምራል።

ሁለተኛው ዓይነት ምን ያህል እንደሚረዳ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሥራ እንጥቀስ። በ1990 ወደ ጠፈር የተላከው ሀብል የተባለው ታላቅ የጠፈር መነጽር መስተዋቱ በተሳሳተ ልክ የተሞረደ ሆኖ ተገኘ። በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ሄደው ሊጠግኑት ግድ ሆነ። በጠፈር ላይ ደግሞ «ቈዩ፥ እንደገና ልሞክረው» አይባልም። ስለዚህ በምድር ሆነው ሥራውን የሚመሩና የሚከታተሉ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ባለሙያዎች የጥገናውን ሥራ በኮምፒዩተር በተሠራ ሀብል ላይ ተማሩት። ጥገናውም ተሳካ።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሐኪም ቤቱ ነው። በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ጥገና በመማር ላይ የነበሩ 16 ሐኪሞች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ሁለቱም ወገኖች የተለመደውን ትምህርት ተማሩ፤ አንደኛው ወገን ግን በተጨማሪ በምናባዊ መሣሪያ ተለማመደ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በእውነተኛ ሕመምተኛ ላይ፥ በአስተማሪ ሐኪም ተቈጣጣሪነት፥ የሐሞት ከረጢት አወጡ። ሥራቸውም በፊልም ተነሥቶ፥ ማን ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በማያውቁ ዳኞች ተመረመረ። በ2002 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፤ በመሣሪያው የተለማመዱት ከረጢቱን የመለየቱን ሥራ ከሌሎቹ 29 በመቶ በሚያህል ጊዜ ቀድመው ጨረሱ፤ ስሕተታቸውም በአማካይ ስድስት ጊዜ ያነሰ ነበር። ያልተለማመዱት ወገኖች ከረጢቱን የመጕዳት ወይም መነካት የሌለበትን ሥጋ የማቃጠል አጋጣሚያቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ያ መሣሪያ በራስ ላይ የሚጠለቅ አልነበረም፤ በተራ የኮምፒዩተር መስኮት ፊት የተተከለ የቀዶ ጥገና መያዣ ነበር። በመስኮቱም የሚታየው ደምና ሥጋ ሳይሆን ድቡልቡል ኳሶችና ሳጥኖች ነበሩ። ለዐይን እውነት አይመስልም። ታዲያ ውጤቱ ከየት መጣ? ከሁለት ነገር መጣ። አንደኛ፥ በመያዣው ላይ እጅ የሚሠራው ሥራ በሕመምተኛው ላይ ከሚሠራው ጋራ ይመሳሰል ነበር። ሁለተኛ፥ ልምምዱ የሚለካው በሰዓት አልነበረም፤ የበቁ ቀዳጅ ሐኪሞች አስቀድመው በመሣሪያው ሠርተው ልኩን አስቀመጡ፥ ተማሪውም እዚያ ልክ እስኪደርስ ድረስ አይለቀቅም ነበር። ጉግሱንም አስታውሱ፤ የዘንጉ ጫፍ ጦር አይመስልም፥ ግልቢያውና ውርወራው ግን እውነተኛ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውንም እንመልከት። በ2019 የታተመ፥ በ52 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የዴንማርክና የአሜሪካ ሊቃውንት ምርመራ፥ አንዱን የሳይንስ ቤተ ሙከራ ትምህርት በተራ የኮምፒዩተር መስኮትና በራስ ላይ በሚጠለቅ መነጽር አስተያየ። ተማሪዎቹ መነጽሩን ባጠለቁ ጊዜ በቤተ ሙከራው ውስጥ በእውነት ያሉ ያህል ተሰማቸው። ነገር ግን ሲፈተኑ ያወቁት ያነሰ ሆነ። የአእምሮአቸውም እንቅስቃሴ ሲለካ ከሚገባው በላይ ሸክም እንደ በዛባቸው ታየ። ትዕይንቱን ሲያደንቁ ትምህርቱ አመለጣቸው ማለት ነው። ስለዚህ «እውነት መሰለኝ» ማለትና «ተማርሁ» ማለት አንድ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ግን ከራሳችን ሰማይ የመጣ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ፥ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ዐረፉ። ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ በጥቅምት ወር 2018፥ የዚሁ ዓይነት አይሮፕላን በኢንዶኔዢያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም ጊዜ፥ ከተሳሳተ ጠቋሚ ምልክት የተቀበለ የኮምፒዩተር ሥርዓት የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቶታል።

ይህን አሳዛኝ ነገር የምናነሣው ስለ ማሠልጠኛ የሚናገረው ስላለ ነው። አይሮፕላኑ ለአገልግሎት ሲፈቀድ፥ ቀድሞ የነበረውን 737 የሚያበሩ አብራሪዎች ወደ አዲሱ ለመዛወር በምስለ በረራ፥ ማለት በሲሙሌተር፥ ውስጥ መለማመድ ግዴታ አልተደረገባቸውም ነበር፤ በኮምፒዩተር የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይበቃል ተብሎ ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላም፥ በግንቦት ወር 2019፥ የማክስ ምስለ በረራዎች ራሳቸው ጕድለት እንደ ነበራቸው ታወቀ፤ በአደጋው ጊዜ እንደ ደረሰው ያለውን አንዳንድ ሁኔታ በትክክል ለማሳየት አይችሉም ነበር። ኩባንያው ማስተካከያ ማድረጉን አስታወቀ። በጥር ወር 2020 ምስለ በረራ ለአብራሪዎቹ እንዲሰጥ እርሱ ራሱ አሳሰበ፤ በኅዳር ወር 2020ም የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አይሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ሲፈቅድ ይህንኑ ልምምድ ግዴታ አደረገው።

በዚህ ውስጥ ሁለት ምክር አለ። የመጀመሪያው፥ ገንዘብና ጊዜ ለመቈጠብ ተብሎ እጅ የሚማረውን ነገር በንባብ ብቻ መተካት የማይገባ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ የመለማመጃ መሣሪያ የሚያስተምረው ሠሪዎቹ ያስገቡበትን ብቻ ነው። ሠሪው ያላሰበውን አደጋ መሣሪያው አያሳይም፤ ተማሪውም ያላየውን ነገር ያየ መስሎት ይወጣል። የማያውቅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይጠነቀቃል፤ ያወቀ የሚመስለው ግን አይጠነቀቅም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ሠራተኞች ሥልጠና የምታስቡ፥ የዕቃ ግዥ ማመልከቻም የሚቀርብላችሁ አንባብያን፥ አንድ ቀን ስለ እነዚህ መነጽሮች ውሳኔ እንድትሰጡ መጠየቃችሁ አይቀርም። የሚያሳየው ሰው መነጽሩን በራሳችሁ ላይ ያጠልቅላችኋል፤ ከገደል አፋፍ የቆማችሁ መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ፤ ትደነቃላችሁም። በዚያን ጊዜ መነጽሩን አውልቃችሁ፥ ድንጋጤያችሁ እስኪበርድ ጥቂት ቈይታችሁ፥ የሚከተሉትን ጠይቁ።

መጀመሪያ፥ ልናስተምረው የምንፈልገው ሥራ በእውነተኛው ቦታ ሲማሩት አደገኛ፥ ውድ፥ ወይም ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ነውን? ካልሆነ፥ መዝገብ አያያዝን ለማስተማር መዝገቡ ራሱ ይበቃል፤ መነጽር አያስፈልገውም። ሁለተኛ፥ እጅ፥ ዐይንና ውሳኔ በእውነተኛው ሥራ የሚያደርጉትን በመሣሪያውም ውስጥ ያደርጋሉን? ወይስ ተማሪው ተቀምጦ ይመለከታል? መመልከት የሚበቃ ከሆነ ዙሪያ መለስ ፊልሙ ይበቃል፤ ካልበቃ ግን ፊልምን እንደ ልምምድ መቍጠር አይገባም። ሦስተኛ፥ ልኩን ማን ያስቀምጣል? ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ ባለሙያ ሞክሮ፥ «ይህን ያህል የደረሰ በቅቷል» ብሏልን? አራተኛ፥ በመሣሪያው ውስጥ የሌለው ምንድን ነው? ሻጩ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ካልቻለ ወይም ካልወደደ፥ ያ ራሱ መልስ ነው።

መጨረሻም፥ ከመነጽሩ በኋላ ተማሪው ወዴት ይሄዳል? የየሎቹ ሐኪሞች ከመሣሪያው ወጥተው ብቻቸውን አልተለቀቁም፤ አስተማሪያቸው ከአጠገባቸው ቆሞ ነበር። ምናባዊው ዓለም ከመጽሐፍ ወደ ሥራ የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ ማዶውን የሚጠብቅ አዋቂ ከሌለ ግን ድልድዩ ብቻውን ቤት አያደርስም።

መሣሪያን ከነአካቴው የሚንቅ ሰው የሊንክን መለማመጃ ለመጫወቻ ሜዳ የተዉትን ሰዎች ይመስላል፤ ያ ንቀት ነፍስ አስከፍሏል። መሣሪያን ያለ ጥያቄ የሚያምን ሰውም እንዲሁ ነፍስ ያስከፍላል። ከሁለቱ መካከል የሚሄደው መንገድ መጠየቅ፥ መለካትና ማረም ነው። ስሕተት ከሰው አይጠፋም፤ የሠለጠነ አገር ግን ስሕተቱን የሚሳሳትበትን ቦታ ይመርጣል። በሜዳ ላይ በዘንግ የተሳሳተ ፈረሰኛ ለጦሩ ቀን ይደርሳል።